የስድስት ገጽ ጀግና

ሰኞ፣ ጥር 6
ዛሬም ካውያ። መቶ ሃያ ሸሚዝ። ከምሳ በኋላ የምንሠራበት ሆቴል ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ... የካውያ ክፍል ኃላፊ ይፈለጋል። ራሴ አነበብኩት! ሁለት ጊዜ። አንዴ በልቤ፣ አንዴ ጮክ ብዬ፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ። አጠገቤ የሚተኩሰው «ፈጣኑ» (ቀርፋፋ ስለሆነ ነው ያወጣንለት) «ለአንተ ነው እንዴ?» አለኝ። ለማን ሊሆን ኖሯል? አሥራ አንድ ዓመት ተኩሻለሁ። ባለፈው ይሄው ቦታ ሲከፈት መጻፍ ስለማልችል አለፈኝ። አሁን ግን የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ። ሲቪ እስከ ዓርብ። አያመልጠኝም!

ማክሰኞ፣ ጥር 7
ከፎቶኮፒ ቤት የሲቪ ናሙና ገዛሁ። በመገልበጥ ማን ይችለኛል? ከሰሌዳ ስገለብጥ ነጥብ አላስቀርም ነበር። ስሙን ብቻ በስሜ ቀየርኩ። ከዚያ ስለ ራሴ ትንሽ ጨመርኩ... ትንሿ አምስት ገጽ ሆነች። ፎቶ ስላልነበረኝ የሠርጌን ለጠፍኩ። ሚስቴን ቆርጬ። እጇ ግን ትከሻዬ ላይ ቀርቷል።

ረቡዕ፣ ጥር 8
ልጄ አነበበችው። በሳቅ ፈረሰች።
«አባዬ፣ የትርፍ ጊዜ ፍላጎት፦ ዋና? መቼ ዋኝተህ ታውቃለህ?»
«ናሙናው ላይ ያለው ሰውዬ ዋናተኛ ነዋ!»
«መንጃ ፈቃዱስ?»
«እሱም የሰውየው ነው።»
«በካውያ የዓለም አንደኛስ?»
«እሱ የራሴ ነው!»
ከዚያ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ።» አሁን አልሳቀችም። «ይሄም የሰውየው ነው?»
ይሄንን አውቄ ነው የተውኩት። በዚህ ዕድሜው ፊደል ቆጠረ ይበሉኝ?
«ቢያጣሩ ኃላፊነቱ ቀርቶ ካውያውንም ይነጥቁሃል» አለችኝ። እውነቷን ነው... ምን ልብላ ታዲያ?

ሐሙስ፣ ጥር 9
ከሥራ ቀጥታ ወደ ማታ ትምህርት አስተማሪያችን። ስድስቱን ገጽ በእጃቸው መዘኑት።
«ይሄን ሁሉ ማን ያነብልሃል ጌታው? አንድ ገጽ ይበቃል። ጎበዝ ነኝ አትበል፣ የሠራኸውን ቆጥረህ ጻፍ። ደግሞ ስልክህ የታል?»
ስድስት ገጽ ሙሉ ስልኬ የለም!
«በቀን ስንት ሸሚዝ ትተኩሳለህ?»
«መቶ ሃያ።»
«እስከ ዛሬ ስንት አቃጠልክ?»
«እኔ? አንድም!»
አፍጥጠው አዩኝ።
«...አንድ።»
«እሱንም ጻፈው።»
ሊያስቀጥሩኝ ነው ሊያስባርሩኝ?
ቤት ገብቼ አራቴ ጻፍኩ፣ ሦስቴ ቀደድኩ። «ትምህርት» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ፦ «ማንበብና መጻፍ በአርባ ሦስት ዓመቴ በማታ ትምህርት ተምሬ ዘንድሮ ጨርሻለሁ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ።» የፈለጉትን ይበሉ!

ዓርብ፣ ጥር 10
አስገባሁ። አንዲት ገጽ።

ረቡዕ፣ ጥር 15
ሥራ አስኪያጇ አስጠሩኝ። ገጿ ጠረጴዛቸው ላይ ናት።
«ይቺ የተቃጠለችው ሸሚዝ ምንድን ናት?»
ነገርኳቸው። ነጭ ነበረች፣ ኮሌታዋ ላይ። እንግዳውን ራሴ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ ካውያውን መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሳልሞክር ሸሚዝ አልነካም። ለአዲስ ገቢም አሳያለሁ።
«ሌሎቹ አመልካቾች አንድም አላቃጠሉም» አሉ።
«ካውያውን ሳይሰኩት ይሆናል የሚተኩሱት፣ እመቤቴ።»
አይ አፌ! ...ግን ሳቁ። «በማታ ትምህርት ተምሬ» የሚለውን በጣታቸው ነክተው «እጅህ ያምራል» አሉኝ። ጽሑፌን ማለታቸው ነው። ያምራል እንጂ!

ሰኞ፣ የካቲት 4
ኃላፊ ከሆንኩ ሳምንቴ። ምክትል ይፈለጋል፤ ማመልከቻዎቹን መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። እኔ! የላይኛውን አነሳሁ። ስምንት ገጽ። ፎቶው በፀሐይ መነጽር። የትርፍ ጊዜ ፍላጎት፦ ዋና...
ፈጣኑ! በሁለት ገጽ በለጠኝ።
መዝጊያው ነገ ነው። ለማንም ሳላሳይ አጥፌ ወደ ፈጣኑ ካውያ ሄድኩ።
«ከሥራ ስንወጣ እንዳትሄድ። እርሳስ ያዝ።»
«ምን አጠፋሁ?»
«ምንም። እስከ ዛሬ ስንት ሸሚዝ አቃጠልክ?»
«እኔ? አንድም!»
አፍጥጬ አየሁት።