ዓርብ ለምን ያጥራል

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከምሳ በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ የምከታተልበት ስክሪን እንደገና ቀላ። የበሩ ካርድ ማንበቢያ፣ ሂሳብ ክፍል፣ መጋዘን፣ ኢሜይል... ሁሉም ባንድ ጊዜ። ሠራተኛው በሙሉ ከሲስተሙ ወጣ። ስልኩ መቀመጫ አሳጣኝ። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም በራሱ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። ምንም አልነካሁም። የሂሳብ ሠራተኛዋ ደውላ "ተባረክ፣ ተስተካከለ" አለችኝ። አሜን አልኩ።

የአባቴ የእጅ ሰዓትም ዛሬ ወደ ኋላ ቀርቷል። ስክሪኑ ላይ ባለው ሰዓት አስተካከልኩት። እርጅና ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጠዋት ያው መቅላት። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰኞ ጠዋት... ሁልጊዜ። ዛሬ ግን ሌላም ተጨመረ። መጋዘን ያዡ የላከው መልስ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ከጻፈችው ጥያቄ ቀድሞ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ።

"ሳልጠይቀው እንዴት አወቀ?"

መጋዘን ያዡ "ልምድ ነው" ብሏታል።

የእጅ ሰዓቴ ዛሬ ደግሞ ቀድሟል። በምሳ ሰዓት ለሰዓት ሠሪ አሳየሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠው። "ይሄ ጤነኛ ነው። የምትሠራበትን ቦታ አሳክም።" ቀልደኛ ሰው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ መታ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ብልጭታ የምንለው፣ "መብራቱ ደህና ነው፤ ኔትወርኩ ነው" አለ። እኔ ኔትወርኩ ደህና ነው አልኩ።

"ሁላችሁም ደህና ከሆናችሁ የታመመው ማነው? እኔ ነኝ?"

ከዚያ ተወሰነ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀይ ብርቱካናማ ይሁን፤ እንግዳ ያስደነግጣል። ይህን የሚያደርገው ሰው ደግሞ በተገኘበት ቀን ይባረር። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ... ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። "ውልህ አይታደስም።"

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ሆዷ ገፍቷል። እንዴት ብዬ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

እንደገና። አሁን ብርቱካናማ ነው። ያምራል።

እስከ ዛሬ የሚወድቀውን ሳሳድድ ኖርኩ። ዛሬ የማይወድቀውን ፈለግኩ። አንድ ብቻ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ጸሐፊዋ ክፍል ያለው ፕሪንተር። ሌላው ሁሉ ሲተራመስ እሱ ጸጥ ብሎ አረንጓዴ። ፕሪንተር እዚህ ውስጥ ምን ቤት ነው?

እንደ ወትሮው አምሽቼ ስወጣ ዘበኛው ስልኬን መለሰልኝ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። "ሰዉ ሁሉ ከሄደ ቆየ፤ ዓርብ ቀኑ አጭር እኮ ነው" አለኝ። እኔ ዓርብ ከሰው ጋር ወጥቼ ስለማላውቅ የሚያጥርበትን መንገድ አላየሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

በጠዋት ጸሐፊዋ ክፍል ገባሁ። እትዬ ነው የምንላቸው። ፕሪንተሩ ፊት ቆመው ቁልፍ ይጫናሉ።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሰዓቱን ወደ ቦታው ልመልስ ብዬ። ክፍሌ ሰዓት የለው፣ የማየው ይሄን ነው። ዓርብ ዓርብ ሃያ አምስት ደቂቃ አስቀድመዋለሁ። ካላስቸኮለኝ የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሎኝ ይሄዳላ! እህቴ ከከተማ ውጭ አልጋ ላይ ናት፤ ከእኔ ሌላ የሚጠይቃት የለም።"

"ታዲያ ይጠቅማል?"

"እንዴታ! ይሄን ከጀመርኩ አንድም ቀን አላመለጠኝም።"

የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫኑ። ኮሪደሩ ላይ ጩኸት ተነሳ። እትዬ በሐዘኔታ አዩኝ።

"ይኸው ያንተ ነገር ደግሞ ተበላሸ። ሂድ ልጄ፣ እንዳይቆጡህ።"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ገባኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ቴክኒሻን ዋናው የኔትወርክ ሰዓት ሲበላሽበት፣ መሣሪያዎቹ በሙሉ ሰዓት ከዚያ ፕሪንተር እንዲጠይቁ አድርጓል። አዲስ እስኪገዛ። አልተገዛም። እትዬ ቁልፍ ሲጫኑ የሕንፃው ሰዓት ይዘላል። ሰዓታቸው የተለያየ መሣሪያዎች ደግሞ አይተማመኑም፤ እስኪስማሙ ድረስ ይኳረፋሉ። የመውጫው በርም የሚከፈተው በዚያው ሰዓት ነው። እትዬ አውቶቡሱ ላይ የሚደርሱት ስለሚቸኩሉ አይደለም። ሕንፃውን በሙሉ ይዘው ስለሚወጡ ነው።

የአባቴን ሰዓት ይቅርታ ጠየቅኩት።

አሁንስ? ስማቸውን ብሰጥ ይባረራሉ። ባልሰጥ እኔ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

"ተገኘ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ተገኘ።"

"ማነው?"

"ፕሪንተር ነው።"

"ውሳኔው ግልጽ ነው። ይባረር።"

ከብልጭታ ጋር ተሸክመን አወረድነው። ዘበኛው የመውጫ ወረቀት ጠየቀ፤ ክዳኑን ከፍቶ ፈተሸው። "ብዙ አገለገለ?" አለ። ከልቡ ነው።

ለኔትወርኩ ትክክለኛ ሰዓት አቆምኩለት። ለእትዬ የግድግዳ ሰዓት ሰቀልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ። አንድም የወደቀ የለም። ግን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስልኩ አላረፈም።

"ኔትወርኩ ተንቀራፏል።"

"ምኑ?"

"እኔ እንጃ... አላልቅ አለ።"

ለካሁ። ሁሉም ፈጣን ነው። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አላልቶ ራሱ ወረደ።

"ምን ነካካህ?"

"ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ይመልከቱ..."

"አረንጓዴ አትበለኝ! በፊት ቢቀላም ዓርብ ያልቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓርብ ካልተስተካከለ ፕሪንተሩን ትከተለዋለህ።"

ማታ እትዬን ፌርማታው ላይ አገኘኋቸው። አውቶቡሱ ሄዷል። ለእህታቸው የገዙት ብርቱካን ጭናቸው ላይ ነው።

"አስቀድሜው ነበር እኮ" አሉ። "ያ የግድግዳ ሰዓትህ አይሠራም ልጄ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ማሽን የማይወደው መዝለልን ነው። ቀስ ብለው ከመሩት ይከተላል። እንግዲህ ነገ ከጠዋት ጀምሮ የኔትወርኩ ሰዓት ማንም ሳያውቅ በጥቂቱ ይፈጥናል። እስከ መውጫ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀድማል። ቅዳሜና እሁድ እያዘገመ ይመለሳል።

ልክ ነው? አይመስለኝም። ስክሪኑን ጠየቅኩት። አረንጓዴ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

አንድም ብርቱካናማ የለም። የእጅ ሰዓቴ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ቀረ። አላስተካከልኩትም።

ሥራ አስኪያጁ ኮቱን እየለበሰ መጣ። "አየህ? ሲፈለግ ይሠራል።" ቆሞ ውሌን ፈረመ። ችግሩ ምን እንደነበር አልጠየቀም። ይቸኩል ነበር።

እትዬ የግድግዳውን ሰዓት እንደ ልማዳቸው አስቀድመውታል። ዛሬ ግን ሕንፃውም አብሯቸው ቀደመ። አውቶቡሱ ላይ ሆነው በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙልኝ። "ሰዓትህን ጠገንከው አይደል!"

የማሳድደው ስላልነበረኝ እኔም ከሰው ጋር ወጣሁ። ባለቤቴ በሩን ከፈተች። አየችኝ። ሰዓት አየች። ሆዷን ያዘች።

"በዚህ ሰዓት! ተባረርክ እንዴ?"

"ኧረ... ዓርብ ነው።"