ወደቅኩ ወይስ ወረድኩ

ጀማሌ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩን ጤና መጠየቅ ነበር ወጉ፤ አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑር ያድርግልህ ብዬ ልጀምር። ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ኢዳ ላይ፣ የአንተን ሐዘን ተቀምጬ ስለነበር ከቤት አልወጣሁም። ታውቀኛለህ፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ቁጭ ብዬ የማልጠብቅ ሴት ነኝ። በዚያ በሰመራ ሙቀት ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን ስመላለስ ከረምኩ። ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ ሰብር አድርጊ ይለኛል። እኔም እሺ እላለሁ፤ እንግዳው ሲወጣ ተነስቼ መመላለሴን እቀጥላለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ዛሬ ነገ እሠራዋለሁ ስትለኝ የኖርከውን ማራገቢያ ወንድምህ ኑሩ መጥቶ በአንድ ከሰዓት ሠራው፤ ይኸው ነበር እንዴ ብዬ በአንተ ተናደድኩ። በአንተ ቦታ የመጣው የጂኦግራፊ አስተማሪ ገና ልጅ እግር ነው፤ ግድግዳችን ላይ የነበሩትን ካርታዎች ለተማሪዎች ብሎ ሲጠይቀኝ ሰጠሁት። ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ ግን ዝውውሬ መምጣቱ ነው። ለእናቴ ቅርብ ልሁን ብዬ የጠየቅኩት የከሚሴው። መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀቱ ሲደርሰኝ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አልሐምዱሊላህ አሉ። በወሩ መጨረሻ እዚያ ሥራ መጀመር አለብኝ። እኔ ግን አንድ ሻንጣ እንኳ ማሰር አቃተኝ። ቆርቆሮህን ሳላገኝ ይህን አገር ለቅቄ ከሄድኩ፣ አንተን ሜዳ ላይ ጥዬ እንደሄድኩ ሆኖ ነው የሚሰማኝ።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው ግራ እንዳይገባው የቆርቆሮውን ነገር ልናገር። በብስክሌት አገር የሚዞር አንድ ፈረንጅ ሰመራ ላይ ጎማው ተንፍሶበት ስትረዳው ነው ጨዋታውን ያስተማረህ። አንዱ ትንሽ ቆርቆሮ የሆነ ቦታ ይደብቃል፣ የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው ውስጧ ባለችው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል፣ ከፈለገ የሆነ ነገር ወስዶ የራሱን ይተካል፣ ከዚያ መልሶ ይደብቃታል። በቃ። ሚስት ያለው ሰው ድብብቆሽ ሲጫወት አይቼ አላውቅም ብዬ ስንት ቀን ሳቅኩብህ።

አንዳንዱ ሰው ቁጥሩን በቀጥታ አይሰጥም፤ በእንቆቅልሽ ይደብቀዋል። አንተም ያንን መረጥክ። ድሮም እንቆቅልሽ ነፍስህ ነው። ማታ ማታ ምን አውቅልህ እያስባልክ ታደክመኛለህ፣ መልሱ ሲጠፋኝ ደግሞ አገር ስጪኝ ትላለህ። ሰመራን ስሰጥህ፣ እሷ ውስጥማ እየተጠበስኩ ነው ብለህ ትመልስልኛለህ። ሚሌን ሰጠሁህ፣ ጭፍራን ሰጠሁህ፣ አፋምቦን ከነሐይቁ ሰጠሁህ። አንተ የምትፈልገው ግን የትውልድ አገሬን ከሚሴን ነበር። እሷን ሳልሰጥህ ኖርኩ፤ ለአንድ እንቆቅልሽ እናቴ ያለችበት አገር ይሰጣል እንዴ?

የቆርቆሮውን እንቆቅልሽ የሠራኸው በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ኢድን አዋሽ ሰባት ኪሎ እናትህ ቤት ስናሳልፍ በሄድነው የብስክሌት መንገድ ነው። ጉዟችንን እንደ ተረት ጻፍከው፤ በመሃል በመሃሉ ጥያቄ አስገባህ፤ መልሶቹ ሲደረደሩ የቦታውን ቁጥር ይሰጣሉ። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ስንት ዛፍ አለ? የድሮውን ሐዲድ ስንት ጊዜ ተሻገርን? የአዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ ስንት ብርቱካን በላን? የመጨረሻው ደግሞ ያ መዘዘኛው ነው፦ ሚስቴ ስንት ጊዜ ወደቀች? አንድ የውጭ ሰው፣ ይህን ከባልና ሚስቱ በቀር ማን ሊፈታው ነው ብሎ ኢንተርኔቱ ላይ ተቆጥቶ ጽፎልህ ነበር። አንተ ሳቅክ። የሠራኸው ለእኔ እንደሆነ ነገርከኝ። ሙቀቱ ሲበርድ ሄጄ አወጣታለሁ አልኩህ። ሙቀቱ ሳይበርድ ያ ትኩሳት መጣና አንተን ወሰደህ።

ያን ቀን አንተ የኑሩን ሳይክል ያዝክ፣ እኔ ባቡር ላይ ይሠሩ የነበሩትን የአባትህን አሮጌ ሳይክል። ፍሬኑ ሲፈልግ ይይዛል፣ ሳይፈልግ አይይዝም፤ ደወሉ ግን አንዴ ሲመታ ሰባት ኪሎን ያዳርሳል። ሐዲዱ አጠገብ አሸዋ ውስጥ ገብቼ ተዘረርኩ። እሱን አልካድኩም፤ የክርኔ ጠባሳ ምስክር ነው። ጠቡ ሁለተኛው ላይ ነው። ከገደሉ አፋፍ መልስ ጠጠር የበዛበት ቁልቁለት አለ፤ እዚያ ፍሬኑ እምቢ ሲለኝ ወረድኩ። አንተ ወደቀች አልክ። ወረድኩ ስልህ፣ በግንባሩ የሚወርድ ሰው አይቼ አላውቅም ብለህ መለስክልኝ። ቤት ስንገባ ደወሉ የለም። አንተ ስትወድቂ ተወንጭፎ ነው ትላለህ፣ እኔ መንገዱ አንቀጥቅጦ ጥሎት ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይም ኢድ ላይም፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይህ ክርክር ተነሳ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ከሁለታችን ማን ሞኝ ማን ወረቀት እንደነበር እንጃ። እኔም በመጨረሻ ደወሉን ከቁልቁለቱ አምጥተህ አሳየኝና አምናለሁ እልህ ነበር። ያኔ ዝም ትላለህ። አፍህን ያስያዝኩህ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ኢዳዬን እንደጨረስኩ ወደ አዋሽ ሄድኩ። እንዳንተ ያለ ግትር ሰው ሁለት እንጂ አንድ ብሎ እንደማይጽፍ ስለማውቅ፣ ሁለት ብዬ ቁጥሩን ሞላሁና ስልኩ ወዳሳየኝ ቦታ በአባትህ ሳይክል ሄድኩ። ከደረቅ ጅረት ማዶ፣ እሾህ የወረረው ሜዳ ነው። ድንጋይ ሳገላብጥ ዋልኩ። የለም። በሌላ ጊዜ ተመለስኩ፣ የለም። ደመወዝ በወጣ ቁጥር፣ ዓርብ ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ላይ ነኝ። እናትህ እማ ፋጡማ መጀመሪያ ባሏ የሞተባት ሴት በሳይክል ሜዳ ለሜዳ ስትዞር ሰው ምን ይላል ብለው ነበር፤ በኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው ውሃና ተምር እየቋጠሩ ይሸኙኝ ጀመር። ኑሩ ጎማ ይነፋልኛል፣ ካቴናውን ዘይት ይቀባልኛል፣ ምንም አይጠይቀኝም። ፍየል የሚጠብቁ አንድ የአፋር ሽማግሌ ምን እንደጠፋኝ ጠየቁኝ፤ ቆርቆሮ ብላቸው በማግስቱ ባዶ የዘይት ጣሳ ይዘውልኝ መጡ። አመስግኜ ተቀበልኳቸው። ዛሬ እሱ ጣሳ ውሃ መቅጃዬ ነው።

ያለፈው ሳምንት የመጨረሻዬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሻንጣ ማሰር ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ፈልጌ እጄ በእሾህ ተቧጥጦ ባዶዬን ተመለስኩ። እማ ፋጡማ እሾሁን በመርፌ እያወጡልኝ፣ የምፈልገው ቦታ በምን እንደሚታወቅ ጠየቁኝ። ስለ ቁጥሮቹ ነገርኳቸው፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ብዬ እንደሞላሁም ነገርኳቸው። መርፌውን አቆሙ።

«ልጄ፣ እሱ እኮ ወድቃለች የሚለው አንቺን ለማናደድ ነው» አሉኝ። «አንቺ በሌለሽበት፣ እዚህ እኔ ጋ ሲሆን ወረደች ነበር የሚለው። ኑሩ አንድ ቀን ወደቀች ቢል ተቆጣው። ወረድኩ ካለች ወርዳለች አለው።»

እሑድ ፈጅርን ሰግጄ ወጣሁ። አንድ ብዬ ሞላሁ። አንዷ ቁጥር ስትቀየር ቦታው ከጅረቱ ወዲህ መጣ፤ ያን ሁሉ ወር በአጠገቡ ሳልፍ ነበር የከረምኩት። የድሮ የሐዲድ ብረት የተጋደመበት የድንጋይ ክምር አለ፤ ሁለት ድንጋይ አነሳሁ፣ ሦስተኛው ስር አንድ የከረሜላ ቆርቆሮ አገኘሁ። ክዳኑ ዝጎ ስለነበር በጥርሴ ጭምር ነው የከፈትኩት። ውስጡ ማንም ያልጻፈበት ወረቀትና አጭር እርሳስ አለ። ከወረቀቱ ስር የአባትህ ሳይክል ደወል አለ።

አንድ ጎኑ ገብቷል። ጠጠር የመታው እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። መቼ ብቻህን ወደዚያ ቁልቁለት ተመልሰህ እንደፈለግከው አላውቅም። ደወሉን አምጣና አምናለሁ ስልህ፣ ዝም ስትለኝ፣ ደወሉ አንተ ዘንድ ነበር። በሰው ፊት አውጥተህ ልታሳፍረኝ ትችል ነበር፤ አንተ ግን ማስረጃህን ቆርቆሮ ውስጥ ከትተህ፣ ቆርቆሮውን በእኔ ቁጥር ቀበርከው። ተቀመጥኩ ጀማሌ። መሬት ላይ፣ ፀሐዩ እስኪከር ድረስ ምንም ሳልነካካ ተቀመጥኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም። አልቅሼ ሲወጣልኝ ደወሉን መታሁት። ጎኑ ገብቶም ይጮኻል።

ወረቀቱ ላይ ስሜን ጻፍኩ። ዘይነባ፣ ሁለት ጊዜ ወድቃለች ብዬ ጻፍኩ። ደወሉን ወሰድኩና በምትኩ የሻርፔን መርፌ አስቀመጥኩ፤ ስመለስ ነፋሱ ሻርፔን እየገፈፈ መንገዱን ሁሉ አስቸገረኝ። እናትህ ቤት ስደርስ ኑሩ ደወሉን መሪው ላይ አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማ ፋጡማ በጣታቸው ዳሰሱትና፣ የአባቱ ነው አሉ።

ሻንጣዬ ታስሯል። ሳይክሉን እናትህ መርቀው ሰጥተውኛል፤ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ተጭኖ በባቲ በኩል አብሮኝ ይሄዳል። በየዓመቱ ኢድን እናትህ ጋ አውላለሁ፤ ቆርቆሮህን ከፍቼ አያለሁ፣ ዝናብ ከገባበት ወረቀቱን እለውጣለሁ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ዱዓ አደርግልሃለሁ። እንቆቅልሹን ስለፈታሁት ደንቡ አገር ስጪ አይለኝም። ይሁን፣ ከሚሴን ሰጥቼሃለሁ። ከነእናቴ፣ ከነገበያዋ፣ ከነዝናቧ ያንተ ናት። እዚያ ስደርስም አንድ ሰው፣ የዚህ ደወል ጎን ምን ሆኖ ገባ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ወድቄ ነው እለዋለሁ።

ዘይነባህ