የሐይቁን ጭቃ ከሰበታ ያወጣንበት ቀን

ገሜ፣ የልቤ ሰው፤

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር ሞላን። ላንተ ሰላምታ በምን እንደሚላክ አላውቅም። ከመስክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ዝናብ አለ ወይ?» ብለህ ነበርና ከእሱ ልጀምርልህ። ዘንድሮ ቡራዩ ላይ ክረምቱ ደህና ዘንቧል። አምና አንተን ስንቀብር በምሥራቅ በኩል ከብቱ በየሜዳው ወድቆ ነበር፤ ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ኤልኒኖ፣ ኤልኒኖ ይል ነበር። ዘንድሮ ሰማዩ አልከፋም። የከፋው ምድሩ ነው።

ቤታችን እንዳለ አለ። ያንዱን ወገን አጥር ነፋስ ገንጥሎት አስጠግኜዋለሁ። የገፈርሳ ግድብ ከደጃችን ቆመን እየታየን የቧንቧ ውኃ አሁንም በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ አንተ ብትኖር በዚህ ትስቅ ነበር፣ እኔ መሳቁን ትቼዋለሁ። ልጃችን ሶሬቲ ሁለት የፊት ጥርሷን አውልቃለች። በተቃውሞው ምክንያት ትምህርት ቤቷ ሲከፈት ሲዘጋ ይኸው እዚህ ደረስን። እኔ እዚያው ማተሚያ ቤት ነኝ። ጠዋት ስወጣ ታክሲ ይኑር አይኑር፣ ስመለስ መንገዱ ይከፈት ይዘጋ ሳላውቅ ነው። ሁለት ጊዜ ከአስኮ በእግሬ ገብቻለሁ። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ቆየ፤ የተባለውን ያመነ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም። በመስከረም በቢሾፍቱው በዓል ላይ ሰው ካለቀ በኋላ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ጭቃዎችህ ነው።

ሆስፒታል ተኝተህ ድምፅህ እያነሰ ሲሄድ ያልከኝ «ጭቃዎቹ እንዳይደርቁ» ነበር። ያን ቀን ተቀይሜሃለሁ፤ አሁን ልንገርህ። ስለ እኔ፣ ስለ ልጅህ ሳትል ስለ ጭቃ ታወራለህ ብዬ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ቆይቼ ነው የተረዳሁህ። እኛን ለሰው ትተኸናል፣ ጭቃዎቹን ግን ከእኔ ሌላ የምትተውለት አልነበረህም።

የተጋባን ሰሞን አብያታ ይዘኸኝ የሄድክበት ቀን ሁልጊዜ ይመጣብኛል። ሁለት ጀልባ በሳንቃ አያይዛችሁ፣ መሐሉ ላይ ቆማችሁ ረጅሙን ቱቦ ወደ ሐይቁ ወለል ስትሰኩ ከዳር ሆኜ አየሁ። ቱቦው ጭቃውን ውጦ ሲወጣ አናቱ ላይ ያለው ገና ውኃ ውኃ የሚል ስለነበር እንዳይናወጥ ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት። ከመኪናው ኋላ ወንበር ላይ እኔ አቅፌው ተቀመጥኩ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ አንተ በየጉድጓዱ «ቀስ በል!» እያልክ ሾፌሩን ስታስጨንቅ፣ እኔ ደግሞ «ሙሽሪት እቅፍ አበባ ይሰጣታል፣ ለእኔ የደረሰኝ ይሄ ነው» እያልኩ ስስቅ መጣን። በመንገድ ላይ ነው ያስረዳኸኝ። ሐይቅ በየዓመቱ ከሥሩ ትንሽ ትንሽ ጭቃ ያስቀምጣል። የታችኛው የጥንቱ ነው፣ የላይኛው የቅርቡ። ውኃው ሞልቶ የኖረበት ዘመን ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ድርቅ ሆኖ ሐይቁ የሸሸበት ዘመን ነጣ ይላል፣ ጨውና ኖራ ይበዛዋል። «ሰው የሚያስታውሰው የደረሰበትን ድርቅ ነው፤ ይሄ ግን የቅድመ አያቶቻችንን ያውቃል። ስንት ዓመት እየቆየ እንደሚመጣ ካወቅን፣ ሲመጣ እንግዳ አይሆንብንም» አልከኝ።

አባትህ ግን ይህን ከአንተ አልሰሙም። ሳይሰሙህ ተለያያችሁ። ሱሉልታ ላይ ከግጦሻቸው ጎን ባለው ረግረግ ቱቦህን ይዘህ የገባህ ቀን፣ ጎረቤቶቻቸው «የዲሪባ ልጅ መሬቱን ለከተማ እያስለካ ነው» አሉ። ያኔ በዚያ አካባቢ የመለኪያ ካስማ የያዘ ሰው ሁሉ ያስፈራ ነበር። ኦቦ ዲሪባ ሽማግሌ ፊት አቆሙህ። «ቱቦ ይዘህ በደጄ እንዳላይህ» አሉህ። አንተም ኩሩ ነህ፤ ላስረዳ ብለህ አንዴ ሞከርክ፣ ሁለተኛ አልሞከርክም። ከዚያ በኋላ ቡራዩ ቤታችን አልመጡም። ሆስፒታል የመጡት በመጨረሻው ቀን ነው፤ ያን ቀን አንተ ዓይንህን ገልጠህ ነበር እንጂ መናገር አልቻልክም። እጅህን ይዘው ብዙ ተቀመጡ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥም ሦስት ቀን አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ከቀብሩ ወዲህ ግን ሶሬቲን ለማየት ይመጣሉ። በመስከረም መጨረሻም አንድ ጠዋት በእንጦጦ በኩል ዞረው፣ አንድ ፌስታል የባቄላ እሸት ይዘው መጡ። ገና ውኃ እንኳን ሳይጠጡ ስልኬ ጮኸ። የሰበታዋ የወተት ነጋዴ እትዬ ራህመት ናት። መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ክፍል ሲበላሽ፣ ከሐይቁ ያወጣሃቸውን ዘጠኝ የጭቃ ቱቦዎች ለሁለት ሳምንት ብለህ በወተት ማቀዝቀዣዋ ያስቀመጥክባት ሴት። ሁለት ሳምንቱ ዓመት ሆኖባት አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም።

«የኔ እህት፣ ዛሬውኑ ውሰጂልኝ» አለችኝ። «ከጀርባችን ያለው መጋዘን ትናንት ተቃጠለ። መብራት የለም፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣም ለነገ አይደርስም። ሰዉ ደግሞ ‹ራህመት በጥቁር ላስቲክ የጠቀለለችው ምንድን ነው?› ማለት ጀምሯል። ምን ብዬ ልመልስ?»

ስልኩን ዘግቼ መቀመጥ አቃተኝ። ብቀር ጭቃው ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነበውም። ብሄድ ደግሞ ሶሬቲ አንድ ወላጅ ነው የቀራት። የሥራ ባልደረባህ ሜሮን ጋ ደወልኩ። ቀዝቃዛው ክፍል ገና አሁን ተጠግኗል፣ ከመጣ ትቀበለዋለች፣ መኪና ግን ወደዚያ የሚልክ የለም አለችኝ። አባትህ «የማን ዕቃ ነው?» አሉ። «የገመቹ» አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ባርኔጣቸውን አነሡ። «እንሂድ» አሉ።

ሶሬቲን ለጎረቤት ትቼ ወጣን። ስወጣ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ስሜያታለሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ እሷም ፈራች፣ በዚህ እስከ አሁን እቆጫለሁ። ታክሲው ዓለም ገና ላይ አወረደን፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄድ የለም። በእግራችን ገባን። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ከከተማው በላይ ጭስ ቆሟል። አባትህ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ጭሱ ከወዴት እንደሆነ እያሰላሁ እከተላለሁ። ራህመት በሩ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ዘጠኙንም አንድ በአንድ አውጥተን፣ ጭቃቸው በዓመቱ ረግቷልና፣ በወተት መኪናዋ ላይ አጋደምናቸው፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፈንናቸው። ሾፌሯ «ብቻዬን አልሄድም» ሲል እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ጋቢና ገባች።

ከከተማው ሳንወጣ የባሕር ዛፍ ግንድ መንገዱን ዘግቶ አገኘነው። ወጣቶች ናቸው፣ ድንጋይ ይዘዋል። ጆንያውን ገለጡ። ጥቁር ላስቲክ፣ በላዩ በእጅህ የጻፍካቸው ቁጥሮች፣ ወደ ላይ የሚያመለክቱ ቀስቶች። አንደኛው ጫፉን ከፍቶ ጭቃውን አየ። ፊቱ ተለወጠ። «አፈር ነው! መሬት እያስለኩ ነው!» ብሎ በኦሮምኛ ጮኸ። ገሜ፣ አባትህ የዛሬ ሦስት ዓመት አንተን የተናገሩህ ያንኑ ነበርና፣ አሁንም እንደዚያ ያስቡ ይሆናል ብዬ ወደ እሳቸው ማየት ፈራሁ።

አባትህ ከመኪናው ወረዱ። ሰላምታቸውን አስቀደሙ፤ የቤተሰብ፣ የከብት፣ የክረምት፣ አንድም ሳያጎድሉ ጠየቁ። ልጆቹ ድንጋይ በእጃቸው ይዘው ሰላምታውን መመለስ ግድ ሆነባቸው። ከዚያ እጃቸውን ቱቦው ላይ አሳርፈው «ኩን ከን ኢልማ ኮቲ» አሉ፤ ይህ የልጄ ነው። «ልጄ ሞቷል። መሬት ለካ ብዬ ያባረርኩት እኔ ነኝ። እናንተ እንደ እኔ አትሳሳቱ። ይሄ የሐይቅ ጭቃ ነው፤ አያቶቻችን የተራቡበትን ዘመን የሚናገር ነው።»

አየህ፣ ያውቁ ነበር። ከማን እንደሰሙ ያን ሰዓት አልገባኝም። ኋላ ስጠይቃቸው፣ ለቅሶ የመጡ ጓደኞችህ ድንኳኑ ውስጥ ሲያወሩ ሰምተው ነው አሉኝ። ሦስቱን ቀን ዝም ያሉት ያንን ሰምተው ኖሯል።

ልጁ ድንጋዩን ጣለ። «ኦቦ፣ ይለፉ» አለ። ግንዱን አራት ሆነው አነሡልን።

ወደ አዲስ አበባ ስንቃረብ ደግሞ ወታደሮች አስቆሙን። እዚያ አባትህ ቢለምኑ፣ ራህመት ብትምል አልሆነም። አንዱ ቱቦውን በአፍንጫው አሸተተና «የበሰበሰ እንቁላል!» ብሎ ወደ ኋላ አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ፣ እኔም ከፍርሃቴ ብዛት ሳቅሁ። አለቃቸው ግን አልሳቀም። ውስጡ የተደበቀ ነገር እንዳለ ለማየት በብረት ዘንግ አንዱን ከአናቱ ወጋው፣ አማሰለው። ከዚያ «ሂዱ» አለን። ይቅር በለኝ። ከዘጠኙ አንዱ አናቱ ተበላሽቷል። ሜሮን ከሐይቁ ላይ ከጎኑ የወጣው ቱቦ የጎደለውን ይሞላው ይሆናል ትላለች፤ ይሆናል ነው እንጂ ይሞላል አላለችም። ስምንቱ እንደ ነበሩ ቀዝቃዛው ክፍል ገብተዋል።

በሳምንቱ ሜሮን አንዱን ስትከፍት አባትህንና እኔን ጠራችን። ቱቦው ለሁለት ተሰንጥቆ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ጥቁር፣ ግራጫ፣ ከዚያ ጣት የሚያህል ነጭ፣ እንደገና ጥቁር። በማጉያ መነጽርም አሳየችን። በዓይን የማይታዩ፣ ቅርፊታቸው መስታወት የሚመስል የውኃ ተክሎች አሉ፤ አንዳንዱ ጣፋጭ ውኃ ይወዳል፣ አንዳንዱ ጨው። ነጩ ጭቃ ውስጥ ያሉት ጨው ወዳዶቹ ናቸው። አባትህ ነጩን ሳይነኩ ጣታቸውን ከበላዩ አቆሙና «ቦና» አሉ፣ ድርቅ ማለታቸው ነው። «አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉት የረሃብ ዘመን ይሄ ይሆን?» ብለው ጠየቋት። ሜሮን ዕድሜው በውጭ አገር ተመርምሮ እስኪመጣ አላውቅም አለች። አላውቅም ማለቷን ወደዱላት። ታች ሌላ ነጭ፣ ከእሱም ታች ሌላ ነበር። እያንዳንዱን ቆመው አዩ። ከእያንዳንዱ በኋላ ጥቁሩ መመለሱንም አዩ።

ስንወጣ ሜሮንን ወደ ሱሉልታ ጋበዟት። ረግረጉ ውስጥ ቱቦ መሰካት ከፈለገች ለጎረቤቶቹ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ግጦሹ ለከርሞ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቷል፤ በየቀኑ የታሰረ ሰው ስም እሰማለሁ። መንገድ ላይ ድንጋዩን የጣለውን ልጅ አስባለሁ፣ የት ይሆን እላለሁ። ሶሬቲ አሁንም ቦርሳዬን ሳነሣ «ትመለሻለሽ?» ትለኛለች፤ እመለሳለሁ እላታለሁ፣ ልቤ ግን ይጨነቃል።

ባለፈው እሑድ አባትህ ቤት መጥተው ይህን ስጽፍ አዩኝ። ለማን እንደሆነ ነገርኳቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፣ «እኔ መጻፍ አልችልም፤ የእኔንም ቃል ጨምሪበት» አሉ። እንዳሉት ጽፌዋለሁ፤

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ መሬት የሚለካውንና መሬት የሚያነበውን አልለየሁም። ፈርቼ ነበር። የፈራ ሰው የገዛ ልጁን ፊት ይረሳል። ሆስፒታል መጥቼ ይቅር በለኝ ልልህ ነበር፣ ዓይንህን ሳይ አንደበቴ ታሰረ። ዛሬም እፈራለሁ፤ አንተን ግን አይደለም። ይቅር በለኝ።»

ሲጨርሱ አነበብኩላቸው። «ስሙን አሳዪኝ» አሉኝ፤ የተጻፈበትን ቦታ አሳየኋቸው፣ በጣታቸው ዳበሱት።

እኔም የምገባልህ ቃል አለ። ሶሬቲ አባቷን በሕመሙ ብቻ እንድታስታውሰው አላደርግም። ነፋስ ሲነሣ ጀልባ ላይ ቆሞ እንደሚዘፍን፣ ውሸታም ሰው እንደማይወድ፣ ያላወቀውን አላውቅም እንደሚል እነግራታለሁ። ስትሰለችም እነግራታለሁ። ስምህን ለሙት ዓመትህ ብቻ አላስቀምጠውም፤ በተራ ቀን፣ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ሰው መሐል ጮክ ብዬ እጠራሃለሁ።

ያንተዋ ሰናይት
ቡራዩ፣ ጥቅምት