የሩቅያ ውጤት

መስከረም 27

ሸዋ ሮቢት ከገባሁ አራተኛ ቀኔ። ልብስ አጠብኩ። የመጨረሻውን አስጥቼ ዘወር ስል የመጀመሪያው ደርቋል። እኛ አገር ጨንቻ ቢሆን ሁለት ቀን ይፈልግ ነበር።

ከቤት እስከዚህ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጣርማበር ላይ ሹራብ ደርቤ ነበር፤ ቆላው ውስጥ ስንገባ ምኑን ላውልቀው... ይህን ቁልቁለት አሥራ ሁለት ዓመት ካርታ ላይ በማስመሪያ እያሳየሁ አስተምሬያለሁ። ጆሮ እንደሚደፍን ግን አላውቅም ነበር።

አከራዬ ዛሬም ጠየቁኝ።

«መምህርነቱ ምን ጎድሎት ተውሽው?»

«ላብራቶሪ ተማርኩ» አልኳቸው።

መልስ አይደለም። እውነቱ... አንድ ቀን ስለ ስምጥ ሸለቆ እያስረዳሁ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ደወሉ ሲደወል ነቃሁ። ትምህርቱን ጨርሼዋለሁ። አንድ ቃል አልተሳሳትኩም። ተማሪዎቹም ልብ አላሉም። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ሆኜ ጡረታ ልውጣ? በማታ ተምሬ ዲፕሎማ ያዝኩ። የቅጥር ማስታወቂያ ባየሁበት ሁሉ አመለከትኩ። የጠራኝ ይህ ጤና ጣቢያ ብቻ ነው።

መስከረም 29

ሥራ ጀመርኩ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የማይሠራ ማራገቢያ። የላብራቶሪው ኃላፊ ጋሼ ያሕያ ናቸው። የዚሁ የይፋት ሰው። እዚህች ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ደም አይተዋል።

«ቲቸር» ይሉኛል።

«አሁን እኮ ቲቸር አይደለሁም ጋሼ።»

«ይሁን። ብቻ እዚህ እንደ ክፍል አይደለም። ተማሪ ሲሳሳት ዜሮውን ራሱ ይወስዳል። እኛ ስንሳሳት የሚወስደው ሌላ ሰው ነው።»

የወባ ስላይድ መቶ ቦታ ሳይታይ «የለም» ተብሎ አይጻፍም አሉኝ። ኮሌጅም ብለውኛል። አውቀዋለሁ አልኳቸው።

ጥቅምት 4

ዝናቡ ቆመ፤ ወባው ጀመረ። አርባ አንድ ስላይድ። ዓይኔን ስጨፍንም ሐምራዊ ክብ ይታየኛል።

እህቴ ጽጌ ደወለች። «ደስ ብሎሻል?» «ደህና ነኝ።» «እሱን አልጠየቅኩሽም» አለች።

ጥቅምት 14

ጋሼ ያሕያ ማጀቴ ከተማ ለቅሶ ሄዱ። ብቻዬን ነበርኩ። ስልሳ ሰባት ሰው። ምሳ አልበላሁም። የተወጣሁት መሰለኝ።

ጥቅምት 15

አልተወጣሁትም።

ጋሼ ያሕያ ጠዋት ጠዋት ካለፈው ቀን ስላይዶች እየመረጡ ይደግማሉ። ዛሬ አንዱ ላይ ቆዩ። በጣም ቆዩ... ከዚያ ተነሥተው ወንበሩን ለቀቁልኝ። አየሁ። ወባው ብዙ አይደለም፤ ግን አለ። ቀጭን ቀለበት፣ ጫፏ ላይ ነጥብ ያላት።

እኔ የጻፍኩት «የለም» ነው። መቶ ቦታ አይቼ ነበር? አላየሁም። ሠላሳ? እሱንም እንጃ። በሩን እየደበደቡ ነበር።

ካርዱን አወጣን። ሩቅያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር። አድራሻ ጀውሃ አጠገብ። ስልክ የላትም። ገበያ በወጣችበት ነው የተመረመረችው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ይሁኔ «ካልተሻላት ትመለሳለች» አሉ።

«መመለስ ካቃታትስ?» አሉ ጋሼ ያሕያ። ወደኔ አላዩም።

መድኃኒቱን ይዤ ሄድኩ። ጀውሃ ከሚኒባስ ወርጄ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚበሉበት ቤት ገብቼ ጠየቅኩ። ሩቅያ ብዙ ናት አሉኝ። አንድ ሽንኩርት ጫኝ «ያመማት? የሱፍዋን ሚስት ትሆናለች» ብሎ በእጁ አመለከተኝ። በማሽላ መሃል የግማሽ ሰዓት መንገድ። ማሽላው ከቁመቴ ይበልጣል። ሁለቴ ጠፋሁ።

ማንጎ ሥር ሰሌን ላይ ተኝታለች። አማቷ እትዬ ሰሊማ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይቀያይራሉ። ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

«ትናንት የለባትም አላችሁ አይደል?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ተሳስቼ ነው። አለባት።»

ጨርቁን ጨመቁ።

«ከመንግሥት ቤት ተሳስቻለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ዛሬ አየሁ» አሉ።

ማመስገናቸው ይሁን መስደባቸው አልለየሁም።

ሩቅያ ዓይኗን ገለጠች። «ልጄስ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

መድኃኒቱን ዋጠች፤ ወዲያው አስመለሳት። ባሏ ሱፍዋን ባጃጅ አመጣ። እስከ አስፋልቱ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳት። ትፋጃለች። ሆስፒታል ተኛች።

አላለቀስኩም። ለምን?

ጥቅምት 16

መዝገቡ ላይ ከትናንት በስቲያ የጻፍኩትን ውጤት አስተካክዬ «በእኔ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። አቶ ይሁኔ አነበቡት። «እንዲህ ተብሎም ይጻፋል?» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ትክክል ናቸው።

ከሥራ በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ሱፍዋን በር ላይ ነበር። «ግሉኮስ ላይ ናት። እማዬ ማንም አይግባ ብላለች።» ማንም ማለት እኔ ነኝ። ተመለስኩ።

ጥቅምት 18

የድሮው ርዕሰ መምህሬ ደወሉ። በእኔ ምትክ ሰው አላገኙም። «ቦታሽ አለ። እስከ ህዳር አጋማሽ አስቢበት።» አስብበታለሁ አልኩ። የተሰማኝ እፎይታ ነው። ጂኦግራፊ ሰው አይገድልም።

ጥቅምት 19

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። ብፈልግም መሄድ አልችልም ማለት ነው። ሃምሳ ሁለት ስላይድ፣ እያንዳንዱን መቶ ቦታ። ሰልፉ ተንጫጫ። ይንጫጫ።

ጥቅምት 22

ሩቅያ ወጣች። የፅንሱ ልብ ይመታል፤ የሆስፒታሉ አዋላጅ ናት የነገረችኝ። ከሩቅያ ጋር በሩ ላይ ተገናኘን። ከስታለች።

«እንኳን እግዜር አተረፈሽ» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ።» ቀጥላም «እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ደሜን ሌላ ሰው ይየው» አለች።

«እሺ።»

ቤት ገብቼ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ክፍቱን ተውኩት።

ጥቅምት 25

ሻንጣው እስካሁን ክፍት ነው። እየተሻገርኩት እገባለሁ፣ እየተሻገርኩት እወጣለሁ።

ምሳ ሰዓት ጋሼ ያሕያን ጠየቅኳቸው። «አንቱ ተሳስተው ያውቃሉ?»

ማይክሮስኮፑን መጥረግ አላቆሙም።

«አንድ የማጀቴ ልጅ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንዳንቺው የለም ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

«ቤተሰቡ ምን አሉ?»

«አልነገርኳቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ደስታቸውም ኀዘናቸውም ላይ አለሁ፤ ዘመድ አድርገውኛል። ባለፈው የሄድኩት የእናቱ ለቅሶ ነው። እነግራታለሁ፣ እነግራታለሁ ስል ሞተች።» ጨርቁን አጠፉ። «አላህ ይቅር ይበለኝ። አንቺ በማግስቱ ሄድሽ።»

ሰላት ሊሰግዱ ወጡ። ብዙ ቆዩ።

ዛሬ አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ህዳር 11

ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩ። ሌላ ሰው ይቅጠሩ አልኳቸው።

«ተመቸሽ ማለት ነው?»

«አልተመቸኝም።»

ግራ ገባቸው መሰለኝ። መልካም ይግጠምሽ ብለው ዘጉት።

ህዳር 13

እትዬ ሰሊማ ትኩሳት ይዟቸው መጡ። ጋሼ ያሕያ ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አልተቀመጡበትም።

«ያቺ ተሳስቻለሁ ያለችው የት አለች?» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሰልፉ እንዳለ ዞሮ አየኝ። ጋሼ ያሕያ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ሰሊማ መጥተው ጣታቸውን ሰጡኝ። ስለ ሩቅያ ጠየቅኳቸው። ሆዷ ገፍቷል አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

«አለብዎት እትዬ» አልኳቸው፣ ውጤቱ ሲደርስ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለቴ አይቼዋለሁ።»

«ሦስተኛ እይው።»

ተመልሼ ቁጭ አልኩና ሦስተኛ አየሁት።