«በሞቴ» የማይባልበት ቤት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ቡዳፔስት

ይሉኝታዬን አገሬ አምበር ጥዬው መጣሁ ብዬ ስንት ጊዜ ማልኩ! ዛሬም ጉድ ሠራኝ።

የክፍል ጓደኛዬ ፒተር አብረን እናጥና ብሎ እናቱ ቤት ወሰደኝ። ቁርስ ሳልቀምስ ነው የወጣሁት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እናቱ ሾርባና ድንች አቀረቡ። ለእኔም ሳህን አንስተው «ትበላለህ?» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኳቸው።

ምን ልበል? እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥሪ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ሆዳም ነው የሚባለው። እምቢ ትላለህ፣ «በሞቴ» ትባላለህ፣ እጅህን ተይዘህ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ እንደተገደደ ሰው ትበላለህ። እኔም «በሞቴ»ን ጠበቅሁ። ሴትዮዋ «እሺ» ብለው ሳህኑን ወደ መደርደሪያው መለሱት።

ፊት ለፊቴ በሉ። ሆዴ ሲጮህ ፒተር ሰምቶ ሳቀ እንጂ ብላ አላለኝም። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እረግማቸው ነበር። ግን ቃሌን አምነው ነው፤ በምን ልርገማቸው?

ዶርም ስገባ እናቴ ከአምበር ደወለች።

«በላህ ወይ ልጄ?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

ቤት ሳለሁ ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ አንድም ቀን አምናኝ አታውቅም። «ውሸትህን ነው፣ በሞቴ ና ቅረብ» ነበር መልሷ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጠበቅኋት።

«ተመስገን!» አለችና ስለ ጤፉ አጨዳ ታወራኝ ጀመር።

እሷም አመነችኝ።