ከሚካል ጋር የሰጠሁት ደም

ለምወድሽ እህቴ ቃለሕይወት፣ ላንቺም በሆድሽ ላለውም የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኛ መካኒሳ ደህና ነን።

ልጄ ሚካል በግራ ዓይኗ ሰሌዳ አልታይ ስላላት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ዓይኗ ውስጥ የቆየ ጠባሳ አየችና ከጥሬ ሥጋ ለሚመጣና በእርግዝና ከእናት ወደ ልጅ ለሚተላለፍ ጥገኛ ተውሳክ ብላ የሁለታችንንም ደም አስመረመረች። የሁለታችንም ፖዘቲቭ ሆነ። «የብዙ ሰው ደም እንዲህ ነው፤ ደም ብቻውን ስለ ዓይን አያረጋግጥም» ብላኛለች። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ መጋረጃ አወርዳለሁ፣ አጥባለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ።

ሚካልን አርግዤ ሳለሁ ጥሬ ሥጋ በልቼ እንደሆነ ሐኪሟ ስትጠይቀኝ፣ አላስታውስም አልኳት።

ክትፎውን ላብስልልሽ ባልሽኝ ቁጥር እቆጣሽ ነበር፣ አይደል?

ለእማዬ ምንም እንዳትነግሪያት። ጌታ በያለንበት ይጠብቀን። አንቺ እባክሽ አብስለሽ ብዪ።

እህትሽ ምሥጋና