ስምንት ካሜራ በአንጋጫ ሜዳ

ሐሙስ፣ ኅዳር 5 ቀን 1961 ዓ.ም.

በፈቃድ ደብዳቤዬ ላይ ማኅተሙ ተመታ። ለአንድ ማኅተም አራት ቀን ደጅ ጠናሁ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ማመልከቻዬን አገላብጦ፣ «ፎቶግራፍ ለማንሳት ስምንት ሰው ምን ያደርጋል? አንድ አይበቃም?» አለኝ። ሁላችንም ሌላ የእንጀራ ሥራ እንዳለን፣ ካሜራው ግን የትርፍ ጊዜ ፍቅራችን እንደሆነ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ተገናኝተን አብረን እንደምናነሳ አስረዳሁት። ፍቅር ስል ፈገግ አለና መታልኝ። ሳያዝንልኝ አልቀረም።

የሚመጡት፦
ከሆሳዕና እኔና አብረውኝ የሚያስተምሩ ሁለት አስተማሪዎች።
ከሞርሲቶ የክሊኒኩ ድሬሰር።
ከሙዱላ ጨርቅ ነጋዴው ከነወንድሙ።
ከአንጋጫ ልብስ ሰፊው ሄራኖ።
ግራዝማች ተሰማ።

ግራዝማች አዲስ አባል ናቸው። ካሜራቸው ከሁላችንም ይበልጣል፤ ፊልሙን የማስገባላቸው ግን አሁንም እኔ ነኝ። ባለፈው ስብሰባችን ሞርሲቶ ላይ ዝናብ አባርሮን፣ በረንዳ ሥር ተኮልኩለን አንዲት አህያ ለሰባት አንስተን ተመለስን። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ሳቁና፣ «አንጋጫ አጠገብ ሰፊ ሜዳ አለኝ። መኪናውም በጉም በእኔ» አሉ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያከብረኝ አልለመድኩም። ወዲያው እሺ አልኩ።

የዚህ ጊዜ ትምህርት ርቀት ነው። ካሜራዎቻችን ርቀት አያውቁም፤ ሰውየው ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ ገምተን ሌንሱን የምናዞረው እኛ ነን። ግምታችን ደግሞ አይጣል ነው። የሙዱላው ነጋዴ እናቱን አንስቶ ፊታቸው ጉም ሆኗል፣ ከጀርባቸው ያለው አጥር ግን እንጨቱ ይቆጠራል። ስለዚህ ሠላሳ ሜትር ገመድ ገዛሁ። በየአምስት ሜትሩ ቀይ ጨርቅ አሰርኩበት። ችካልም ጠርቤአለሁ። ባለቤቴ ገመዱን አይታ «ከብት ልትገዛ ነው?» ብላ አሾፈችብኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሄራኖ ክር ሊገዛ ሆሳዕና መጥቶ ነበር። ይህን ስብስብ ከአምስት ዓመት በፊት የጀመርነው እኔና እሱ ነን፤ ያን ጊዜ በሁለታችን መካከል አንድ ካሜራ ብቻ ነበረን። ዛሬ ግን ተኮራረፍን።

«ሜዳው የማን ነው?» አለኝ።
«የግራዝማች።»
«ማን አለ?»
«እሳቸው ናቸዋ።»

ቦታው ይቀየር አለ። አጎቱ አባባ ኤርጃቦ እዚያ እንደሚኖሩ፣ የራሱ ግቢ ለስምንት ሰው እንደሚበቃ ነገረኝ። የእሱ ግቢ ለስምንት ዶሮም አይበቃም። ይህንኑ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና ክሩን ጠቅልሎ ሄደ። በግ የሚያርድ ሰው ስላገኘሁ ቀንቶ ነው ብዬ አሰብኩ። አሁንም እንደዚያው አስባለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ድካሜ ሳይወጣልኝ እጽፋለሁ። ሰመረ። ዝናብ የለ፣ የቀረ ሰው የለ።

ሜዳው ከመንደሩ እንሰት በታች ያለ ግጦሽ ነው። ሦስት ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ተከልን፣ ችካል መታን፣ ገመዱን ዘረጋን። አንዱ አምስት ሜትር ላይ ይቆማል፣ ሌላው አሥር፣ የቀረው ሌንሱን እያዞረ ያነሳል። ድሬሰሩ እንደ ሕፃን ደስ አለው። ከሁሉም የገረሙኝ ግራዝማች ናቸው። የገመዱን ጫፍ ራሳቸው ይዘው እስከ ዋንዛው ድረስ ሄዱ፤ ከዚያም «ወደዚህ ደግሞ» እያሉ በየአቅጣጫው አስወሰዱን። በዚህ ዕድሜያቸው ለትምህርት እንዲህ መጓጓታቸው ደስ አለኝ። የፈቃድ ደብዳቤውንም «አንተ ዘንድ እንዳይጨማደድ» ብለው ከኪሴ ተቀበሉኝ።

የመንደሩ ሰው እንሰቱ ጥግ ቆሞ ያያል። ማንም አልሳቀም፣ ልጆቹም አንሱን ብለው አልተሻሙም። አንድ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው ወደ እኛ ሲመጡ ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡብኝ በእጄ ወደ ጎን እንዲሉ አመለከትኳቸው። ሄራኖ ዘግይቶ መጣ። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ገመዱን ጠቅልል» አለኝ። በኋላ አልኩት። በጉን ሳይቀምስ ሄደ። ኩርፊያው እስከዚህ ድረስ መሆኑ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ከጸሎት ስንወጣ አንዱ አስተማሪ «የመጋቢቱንም እዚያው እናድርገው» አለኝ። ስድስቱም ፊልሞች እኔ ዘንድ ናቸው፤ ሄራኖ አላነሳም፣ ግራዝማች የራሳቸውን ይዘው ሄደዋል። ፎቶ ቤቱ ፊልም የሚያጥበው ሲጠራቀምለት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። እስከዚያ እንዴት ይደረሳል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሄራኖ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ከአንጋጫ የመጣው በእግሩ ነው። እጄን አልጨበጠኝም።

ነገሩ ይህ ነው። የመንደሩ ሰው መሬቱ የአባቶቹ ነው፤ ግብሩን የሚከፍለውም ራሱ ነው። ግራዝማች የእኔ ነው ማለት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን መሬቱ ተለክቶ ስለማያውቅ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ኖሯል። ትናንት ጠዋት ወኪላቸው ወረቀት ይዞ በየቤቱ ዞረ። «መሬቱ ቅዳሜ ተለካ፣ የመንግሥት ሰዎችን በዓይናችሁ አይታችኋል፣ ግብር ከምትከፍሉበት በላይ ትርፍ መሬት ተገኝቶባችኋል። አሁን የግራዝማች ጭሰኛ ነን ብላችሁ ፈርሙ፣ ካልሆነ ለሌላ ሰው ይሰጣል» አላቸው። ለማረጋገጫ የእኔን ደብዳቤ አሳያቸው። ማንበብ የሚችል የለም፤ ማኅተሙን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ዘጠኝ አባወራ በአውራ ጣቱ ፈረመ። አባባ ኤርጃቦ ብቻ እምቢ ብለዋል። ሰኞ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«እኔ ያስተማርኩት ርቀት ነው» አልኩት።
«ገመድ ይዘህ፣ ችካል ተክለህ፣ በሦስት እግር መሣሪያ እያየህ» አለኝ። «ምን እንዲመስላቸው ነበር የፈለግከው?»

 እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። በገመድ መሬት የሚለኩት ቀላድ ጣዮች እኛ አገር የመጡ ጊዜ አባቴ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ያን ገመድ ሠላሳ ሜትር ርቀት ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ካሜራ አንገቴ ላይ ሲንጠለጠል ይህ ሁሉ ከየት ጠፋብኝ? በራሴ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ግራዝማች ቤት ሄድኩ። በክብር አስቀመጡኝ፤ ይህ ይበልጥ አበሸቀኝ። ደብዳቤዬን እንዲመልሱ፣ ለሰዎቹም እውነቱን እንዲነግሯቸው ለመንኳቸው።

«እኔ ምን አደረግሁ ልጄ?» አሉ። «አልለካሁም። የለካኸው አንተ ነህ፣ ማመልከቻውም የአንተ ነው። እኔ በግ አረድኩ።»
«ለፎቶግራፍ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።»
«እነሱ አልጠየቁኝም።»

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝና፣ አስተማሪነት ጥሩ ሥራ እንደሆነ፣ ልጆች እንዳሉኝ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር። መንገድ ላይ ሳስበው፣ ካሜራውን የገዙት ከእኛ ጋር ከተዋወቁ በኋላ ነው። አንድም ፎቶ ሲያነሱ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ፎቶዎቹ ወጡ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተን አናውቅም። የሁሉም ጥርት ብሏል፤ የሙዱላው ነጋዴ እንኳ አንድም አላበላሸም። ትምህርቱ ሰምሯል፤ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው።

አንደኛው እኔ ያነሳሁት ነው። ግራዝማች ዋንዛው ሥር ቆመው የገመዱን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠምጥመውታል። ወዲህ ድሬሰሩ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደግኗል። ዳር ላይ ወረቀት ይዘው የመጡት ሽማግሌ አሉ፤ ወደ ጎን በሉ ያልኳቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ወደ እኛ ዘርግተዋል። ለሄራኖ አሳየሁት። «አጎቴ ናቸው» አለ። «የግብር ደረሰኛቸውን ነው የያዙት። ሳትለኩባቸው ሊያሳዩአችሁ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ምንም መሥራት አልቻልኩም። የአራተኛ ክፍልን ጂኦግራፊ ሰርዤ በልባቸው እንዲያነቡ አደረግሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ዳይሬክተሩ ጠርቶኝ ነበር። ግራዝማች መልእክት ልከውበታል መሰለኝ፣ ዓይኔን አያይም። ሰኞ ፈቃድ ጠየቅሁት፤ ከለከለኝ። ከቀረሁ ዝውውር እንደሚጻፍብኝ፣ የት እንደሆነም እሱ እንደማይመርጥ ነገረኝ።

ለአባላቱ በሙሉ ምስክር እንዲሆኑ ላክሁባቸው። መልሳቸው፦
ድሬሰሩ፦ በሽተኛ በዝቶበታል።
ሁለቱ አስተማሪዎች፦ ከእኔ ክፍል ጎን ያስተምራሉ፣ «እስቲ እናያለን» አሉ።
ከሙዱላ፦ ወንድማማቾቹ ፎቶዎቻቸው እንዲላኩላቸው ብቻ ጠይቀዋል።

አምስት ዓመት ሙሉ ለእነዚህ ሰዎች ደብዳቤ ስጽፍ፣ መኪና ስለምን ኖርኩ። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ባለቤቴን ምን ላድርግ ብላት፣ «ሄደህ ተናገር፣ ከዚያ አብረን እንሰደዳለን» አለችኝ። ይህን ስትል እየተቆጣች ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መንደሩ ሄድኩ። ካሜራውን፣ ገመዱንና ፎቶዎቹን ይዤ። ሄራኖ በከምባትኛ አስተረጎመልኝ። ስለ ሌንስ፣ ስለ ሜትር፣ ፊት ስለሚደበዝዝበት ምክንያት አንድ በአንድ አስረዳሁ።  ሲያልቅ አባባ ኤርጃቦ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ሄራኖ አሳጠረው።

«ፎቶህ እንዳይደበዝዝ ብለህ ነው አገራችንን የለካኸው? ነው የሚሉህ።»

አዎን አልኩ። ሌላ ምን ልበል። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ከፈረሙት አንዱ ተነስቶ፣ ባለማኅተም ሰው መጥቶ ለካ ብሎ ከፈረመ በኋላ ያው ሰው ተመልሶ ቀልድ ነበር ቢለው ለማን እንደሚያወራው ጠየቀኝ። አባባ ኤርጃቦ ግን ሰኞ ዳኛው ፊት ቆሜ ይህንኑ እንድደግመው አስማሉኝ። መጽሐፍ ቅዱሱን ያመጡት ከራሳቸው ቤት ነው፣ የአማርኛ። ማንበብ አይችሉም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

ከአባላቱ አንድም አልመጣም። ወኪሉ ወረቀቱን አቀረበ፤ ግራዝማች ራሳቸው ከፊት ተቀምጠው ነበር፣ ለሰላምታ ብድግ አሉልኝ። አባባ ኤርጃቦ ተቃወሙ። ዳኛው ወደ ወኪሉ ዞሮ መሬቱን ማን እንደለካው ጠየቀ። ወኪሉ «የመንግሥት ሰዎች ናቸው፣ ግራዝማች በቦታው አልነበሩም» አለ። እንዳልነበሩ መናገሩ ነው ያስያዘው። እኔ ተጠራሁ።  ገመዱ የእኔ እንደሆነ፣ መንግሥት እንዳልላከኝ፣ ሌላውን ጫፍ የያዙት ግራዝማች እንደሆኑ ተናገርኩና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ዳኛው ወደ መስኮቱ ወስዶ ረጅም ጊዜ አየው። የግራዝማች ፊት ላይ ያለው ጺም አንድ በአንድ ይታያል። ፎቶው ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ፣ የዘጠኙ ሰዎች ፊርማ እስኪጣራ ድረስ እንዳይሠራበት አዞ ለታኅሣሥ ቀጠረ። ወረቀቱ ተሻረ ማለት አይደለም፣ ታገደ እንጂ። ግራዝማች ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ፤ በዚህ ጊዜ ሰላም አላሉኝም።

ውጭ ዘጠኙ አባወራዎች ቆመዋል። ሳልፍ መንገድ ለቀቁልኝ፣ ከሚገባው በላይ ራቅ ብለው። አንዷ ሴት ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች። ይህን ሳይ ዳኛው ፊት የተሰማኝ ቅልል ያለ ነገር ሁሉ ጠፋ።

ሄራኖ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ሳልሳፈር እጄን ያዘና፣ «ደግ አደረግክ። እግዚአብሔር ይስጥህ» አለኝ። ቀጥሎ፣ እጄን ሳይለቅ፣ «ማቴዎስ፣ ካሜራ ይዘህ ግን ከእንግዲህ ወደ እኛ አገር አትምጣ» አለ።

እሺ አልኩት።